በአባቴ ስም የተሞላ ካርድ

ካርዱን ያገኘሁት መቀስ ስፈልግ ነው።

አባቴ ኢስማኢል ልብስ ሰፊ ነው። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ፣ የቤታችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሠራል። ትልቁን መቀስ እኔ ወረቀት እንዳልቆርጥበት አልጋው ሥር ካለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበት ነበር። በ1998 ዓ.ም.፣ በመጋቢት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ሣጥኑ ላይ ረስቶት ክር ሊገዛ ወጣ። አሥር ዓመቴ ነበር። ሣጥኑን ከፈትኩት።

መቀሱ ከላይ ነበር። ከመቀሱ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ቡናማ ካርድ። የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው፣ ጠርዙን እርጥበት የበላው ወፍራም ወረቀት ነው። በእጅ ነው የተሞላው፤ ፊደሉ ደቃቅና ቀጥ ያለ፣ አንዱም ከመስመር የማይወጣ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የአባቴ ስም አለ። የቀረው ፊደልና እዝባር ብቻ ነው። ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ።

ስም፦ ኢስማኢል ይማም
ማ/ግ፦ ወ/ር
የመጣበት፦ ወለጋ፣ አ/ጉ/ሠ/ጣ፣ መ/ቁ. 7
ብ/ው 4ኛ ዙር፣ ታኅ. 79
ል/ም፦ ግ/ቅ/ጠ
ጦ/ሜ/ወ፣ መጋ. 81

ከዚያ በታች ዘጠኝ ባዶ መስመሮች።

ከሁሉም ውስጥ የማውቃት «ወ/ር»ን ብቻ ነበር። የማውቃትም በታፋ ምክንያት ነው። ታፋ ክፍል ውስጥ ከኋላዬ የሚቀመጥ ልጅ ነው፤ የአያቱን ፎቶ ደብተሩ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ከፎቶው ጀርባ ከአያቱ ስም በፊት «ወ/ር» ተብሎ ተጽፏል። ካርዱን ከማግኘቴ ሳምንት በፊት «ወታደር ማለት ነው» እያለ ለክፍሉ ሁሉ ሲያሳይ ነበር።

«ያንቺ አባትስ?» አለኝ።

«ልብስ ይሰፋል።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ሱሪዬን አጥብቦ ያበላሸው እሱ አይደል? ድሮስ? ድሮ ምን ነበር?»

ወደ ደብተሬ አቀረቀርኩ።

«ሠፋሪ ነው» አለ ለሌሎቹ። «በመኪና ተጭኖ ነው የመጣው። እናቴ ነግራኛለች።»

ክፍሉ ሳቀ። ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ሣጥኑ ፊት ተንበርክኬ «ወ/ር» የምትለውን ከአባቴ ስም ሥር ሳያት ጣቴን ጭኜ ደግሜ አነበብኳት። አባቴ ወታደር ነበር። ጀግና ስለሆነ ግን አይናገርም። ነገሩ ያኔ እንደዚህ ግልጽ ነበር።

አባቴ የማይናገረው ነገር ብዙ ነው። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነበር፦ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ እሱ፣ እናቴና ታናሽ ወንድሙ ውብሸት ከወሎ ወደ ወለጋ በሠፈራ መጡ። የአባቴ እናት፣ እምዬ ዛህራ፣ ከሴት ልጇ ጋር እዚያው ቀረች። እምዬ ወደኛ የመጣችው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አባቴ ከሠፈራ ጣቢያው ወጥቶ ነቀምቴ ገብቷል። ስትመጣ ውብሸት የለም። አባቴ «ሱዳን ለሥራ ሄዷል» አላት። እኔ ስወለድ ሱዳን ነበር፤ አሥር ዓመት ሲሞላኝም ሱዳን ነበር። እምዬ ሰግዳ ስትጨርስ እጇን ዘርግታ «የሱዳኑን ልጄን» ትላለች። እኔ ሱዳን ከጊምቢ ቀጥሎ ያለ ከተማ ይመስለኝ ነበር፤ አጎቴም አውቶቡስ አጥቶ የቀረ።

ካርዱን ወደ ቦታው መለስኩት። ፊደሎቹን ግን የሒሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ገለበጥኩ፤ ማንም አይቶ እንዳያውቅብኝ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እያዘበራረቅሁ።

ፊደል የሚፈታ ሰው አውቅ ነበር። ሃምሳ አለቃ ጉሉማ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጥቁር ጃንጥላ ተክሎ፣ አንዲት «መ» የማትመታ የጽሕፈት መኪና ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። የጎደሉትን «መ»ዎች በኋላ በእስክሪብቶ ይሞላቸዋል። እሁድ እሁድ ወደኛ ቤት ይመጣል። እሱና አባቴ በረንዳው ላይ ሻይ ይዘው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አይነጋገሩም። ካርዱን ካገኘሁ በኋላ ያ ዝምታ ገባኝ ብዬ ነበር። አብረው የተዋጉ ሰዎች እንደዚያ ናቸው፣ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ።

«አካም፣ ኢንታሎ» አለኝ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየሰቀለ። «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

«ፈረቃዬ ከሰዓት ነው። ሃምሳ አለቃ፣ ‹ብ/ው› ማለት ምንድን ነው? እኔ ‹ብርቱ ውጊያ› ይመስለኛል።»

የጽሕፈት መኪናዋ ጉልበቱ ላይ እስክትንቀጠቀጥ ሳቀ። «ብርቱ ውጊያ! ብሔራዊ ውትድርና ነው፣ የኔ እናት። ማን ይሄን ጠየቀሽ?»

«እንቆቅልሽ ነው። ትምህርት ቤት።»

ወረፋ የያዘ አንድ ገበሬ፣ ሞረዳ የሚሉት፣ ከዘራውን መሬት ላይ መታ። «ሃምሳ አለቃ! የኔን የድንበር ክስ ትተህ ከልጅ ጋር ፊደል ትቆጥራለህ? ጎረቤቴ እኮ ይሄኔ አርሶ ጨርሷል!»

«ቆይ ሞረዳ። ያንተ ድንበር ሃያ ዓመት ቆሟል፣ አምስት ደቂቃ ይቁም።»

እኔም ቀጠልኩ። «አ/ጉ/ሠ/ጣ» አንገር ጉትን ሠፈራ ጣቢያ ነው። «መ/ቁ.» የመንደር ቁጥር። «ል/ም» ልዩ ምልክት። «ግ/ቅ/ጠ» ስለው ትንሽ አሰበና፣ «ግራ ቅንድብ ላይ ጠባሳ» አለኝ።

«ለምን ሙሉውን አይጽፉትም?»

«ካርዷ ይቺን ታህላለች» ብሎ መዳፉን ዘረጋ። «ጸሐፊው አንድ ነው፤ ሰዉ በመኪና ይራገፋል። ‹ግራ ቅንድብ ላይ ጠባሳ› ብዬ እስክጨርስ ሦስት ሰው ፀሐይ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሰዉን ታሳጥሪዋለሽ።»

«ብዬ» ነው ያለው። እኔ አልሰማሁትም። ያኔ የሰማሁት ጠባሳ የምትለውን ቃል ብቻ ነበር።

የመጨረሻዋን አቆይቼ ነበር። «‹ጦ/ሜ/ወ›ስ?»

እጁን ከመኪናዋ ላይ አነሣ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አጠፈው። «ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከመጽሐፍ።»

«መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።» ደብተሬን ሊያይ እጁን ሰደደ፤ እኔ ዘጋሁት። ከዚያ፣ «ረሳሁት» አለ። «አርጅቻለሁ። በይ ሂጂ፣ ፈረቃሽ ይደርስብሻል። ና ሞረዳ፣ የድንበርህ ነገር የት ላይ ነበር?»

ሃምሳ አለቃ ያን ያህል አዋቂ አይደለም ማለት ነው፣ ብዬ ወጣሁ። የመጨረሻዋን ራሴው ፈታኋት፦ ጦር ሜዳ ላይ ወደር የሌለው።

ቤት ገብቼ የአባቴን ፊት አጠናሁ። የሸሚዝ ቁልፍ ሲተክል አንገቱን ስለሚደፋ ለማየት ይመቻል። ግራ ቅንድቡ ላይ ምንም የለም። ቀኙም ላይ የለም። ይህም አላስቸገረኝም። ድኗል፣ አልኩ።

ሃምሳ አለቃ ጉሉማ እውነቱን የነገረኝ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። «ጦ/ሜ/ወ» ማለት ጦር ሜዳ ወደቀ ማለት ነበር። እሱ የአንድ ሻለቃ ጦር ጸሐፊ ነበር። ሰማንያ ሦስት ላይ ጦሩ ሲበተን ሰው ሁሉ የቻለውን ተሸክሞ ወጣ፤ እሱ የወለጋ ልጆችን ካርድ በስኳር ከረጢት ሞልቶ በእግሩ ወደ አገሩ ተጓዘ። «ጠመንጃዬን መንገድ ላይ በዳቦ ለወጥኩት» አለኝ። «ካርዶቹን ግን ማን በዳቦ ይለውጠኛል?» ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የልጆቹን ቤተሰቦች አንድ በአንድ እየፈለገ ካርዳቸውን ሰጠ። የአንገር ጉትኑን ኢስማኢል ይማም ቤተሰብ ሲያፈላልግ ጃንጥላው ሥር የመጣው አባቴ ነው።

«‹ለሟቹ ምኑ ነህ?› አልኩት» አለኝ ጉሉማ። «‹ኢስማኢል ይማም እኔ ነኝ› አለኝ። ካርዱን አየሁ፤ ፊቱን አየሁ። ጠባሳ የለውም። እኔ ጽፌዋለሁ እኮ፣ ያን ጠባሳ። ልጁን በዓይኔ አስታውሰዋለሁ፤ ጢም ያላወጣ። ‹ታዲያ የሞተው ማነው?› አልኩት። ‹ታናሼ ነው› አለኝ። እኔም ድጋሚ አልጠየቅሁትም።»

እኔ ግን አሥር ዓመቴ ነበርና ይህን ሁሉ አላውቅም። ያወቅኩትን ለአንድ ሰው መንገር ፈለግሁ። ለታፋ ከመንገሬ በፊት ለእምዬ።

እሮብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ትምህርት ዝግ ነበር። እምዬ ከጓሮ አቮካዶው ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ዓይኗ ስለደከመ በጣቷ ነው የምትለቅመው፤ ጠጠሯን ከምስሯ ለይታ የምታውቅ ጣት። ከበረንዳው የስፌት መኪናው ድምፅ ይመጣል። አባቴ ስፌት ላይ ሲሆን ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቶ ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ስለሚያስቀምጠው ካርዱን ማውጣት አላስቸገረኝም። ከቀሚሴ ሥር ደብቄ አመጣሁት።

«እምዬ፣ አንድ ነገር ላንብብልሽ? አባዬ እንዳይሰማ።»

«ምንድን ነው ሆድዬ? ደብዳቤ ነው? ከሱዳን ነው?»

«አይደለም። የአባዬ ነው። ወታደር ነበር፣ ታውቂያለሽ?»

ሳቀች። «ኢስማኢል? ወላሂ፣ ዶሮ ማረድ የሚፈራ።»

«እውነቴን ነው!» ብዬ በሹክሹክታ ጮህኩ። አነበብኩላት። ፊደሎቹን ሳይሆን የፈታሁትን ሁሉ፣ መምህራችን ፊት እንደማነበው ቀስ ብዬ። ኢስማኢል ይማም። ማዕረግ፣ ወታደር። የመጣበት፣ ወለጋ፣ አንገር ጉትን ሠፈራ ጣቢያ፣ የመንደር ቁጥር ሰባት። ብሔራዊ ውትድርና፣ አራተኛ ዙር፣ ታኅሣሥ ሰባ ዘጠኝ። «ልዩ ምልክት» አልኩ፣ ድምፄን አሳምሬ፣ «ግራ ቅንድብ ላይ ጠባሳ።»

ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቆሙ።

«ምን አልሽ?»

«ግራ ቅንድብ ላይ ጠባሳ። አሁን ድኗል፤ አይቼዋለሁ። ጥይት ይሆናል የመታው።»

«በቅሎ ናት» አለች እምዬ። «በቅሎ ናት የረገጠችው። አምስት ዓመቱ ነበር።»

አሮጊት ስለሆነች ነገር ተቀላቀለባት፣ አልኩ በልቤ። በቅሎ ጀግና አትረግጥም።

«ቀጥይ» አለች።

«ጦር ሜዳ ላይ ወደር የሌለው። መጋቢት ሰማንያ አንድ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም የለም።»

«ሰማንያ ሁለት የሚል የለም? ሰማንያ ሦስት?»

«የለም እምዬ። መስመር ብቻ ነው። ባዶ ነው።»

ካርዱን ከእጄ ወሰደችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ባዶዎቹን መስመሮች በአውራ ጣቷ ከላይ እስከ ታች ሄደችባቸው፣ ልክ ጠጠር እንደምትፈልግ። ከዚያ ምስሩን የያዘውን ሰፌድ ከጭኗ ላይ አንሥታ በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አንድም አልፈሰሰም። «ውኃ ስጪኝ» አለች። ጠጣች። ደስ ብሏት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሰው በጣም ደስ ሲለው አፉ ይደርቃል።

«ይህን እንዳነበብሽልኝ ለአባትሽ እንዳትነግሪው።»

«ለምን?»

«እሱ ራሱ ይንገረኝ። የሱ ነው፤ በሱ አፍ ልስማው። ማይልኝ።»

ማልኩላት። ለታፋም አልነገርኩም፤ መሐላው ለታፋም የሚሠራ መሰለኝ።

ከማግሥቱ ጀምሮ እምዬ ልማዷን ለወጠች። ድሮ ሱብሒ ሰግዳ ተመልሳ ትተኛ ነበር። አሁን ሰግዳ ስትጨርስ ንጹሑን ቀሚሷን ትለብሳለች፣ ጥቁር ሻሿን ታስራለች፣ ዱካዋን፣ ያቺን አጭር በርጩማ፣ በሩ ትይዩ አድርጋ ትቀመጣለች። ፀሐይ ወጥታ የሰፈሩ ባጃጆች መጮህ እስኪጀምሩ ድረስ እንደዚያው ናት። ከዚያ ተነሥታ የቤት ልብሷን ትለብሳለች። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ አያት ነበር። አባዬ የጦርነቱን ታሪክ እስኪያወራላት ቸኩላ ነው፣ አልኩ። ለታሪክ ለምን ንጹሕ ቀሚስ እንደሚለበስ ራሴን አልጠየቅሁም።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ሰውየው ገና እህል ሳይቀምስ፣ ከቤቱ ሳይወጣ ያገኙታል። ከሰዓት በኋላ፣ ምስር እየለቀሙ፣ በልጅ አፍ አይነገርም። የተነገረ እንደሆነም አልተነገረም። እምዬ ያን የመሰለውን መርዶ አልተቀበለችም። ልጇ በሥርዓቱ እስኪያረዳት፣ በሥርዓቱ ለብሳ ጠበቀችው። ይህ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ መጡ።

ሐምሌ ነበር፤ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ጎህ ሲቀድ አባራ። የአጥሩ በር ተንኳኳ። በመስኮቱ ስንጥቅ አየሁ፦ ሃምሳ አለቃ ጉሉማ፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ታረቀኝ፣ ከመስጊድ አንድ ሽማግሌ። ሦስቱም ጋቢ ለብሰዋል። እምዬ ከዱካዋ ተነሣች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

አባቴ ከጓዳው ወጣ። ለብሷል፣ ጫማውን አድርጓል። በእናቱ ፊት አልፎ ወደ አጥሩ ሄደ፤ አላያትም። በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያናግራቸው ሰማሁት።

«ዛሬ አይሆንም» አለ። «አመም አድርጓታል።»

«ኢስማኢል» አለ ጉሉማ። «አንተ ነህ እኮ የጠራኸን።»

«አውቃለሁ። አመም አድርጓታል።»

«ለዚህ ደኅና ቀን የለውም፣ ወንድሜ» አሉ አቶ ታረቀኝ። «ጀምረነዋል፣ እንጨርሰው።»

«ሌላ ቀን። በአላህ።»

እግራቸው ጭቃውን እየረገጠ ራቀ። አባቴ አጥሩን ዘግቶ ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ቆመ። እኔ ለሥራ ሊጠሩት መጥተው የመለሳቸው መሰለኝ፤ ስፌት ስለበዛበት።

እምዬ ቁጭ አለች። «ተመለሱ?» አለችኝ።

«ተመለሱ።»

«እሺ» አለች። ያን ቀን ልብሷን ሳትለውጥ ዋለች።

ጥቅምት ላይ ሞተች። ለሰባት ወር ከዚያች ዱካ ላይ የቀረችበትን ጠዋት አላስታውስም፤ የመጨረሻውን ሳምንት አልጋዋን ወደ በሩ አዙሩልኝ ብላ ነበር። ለቅሶው ላይ አባቴ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። «እናቴ ልጇን ስትጠብቅ ሄደች» ይላል። «ሳታውቅ ሄደች።» ሴቶቹ «አይዞህ፣ ተስፋዋን ይዛ ነው የሄደችው» ይሉታል። ግድግዳው ጋ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ መሐላዬን አስታወስኩና ዘጋሁት።

በኋላ፣ ጉሉማ ሆስፒታል ውስጥ ሁሉን ከነገረኝ በኋላ፣ መሐላው አልነበረም አፌን የያዘው። አባቴ «ሳታውቅ ሄደች» የምትለዋን ነገር በየዓመቱ እየለዘበ፣ እየለዘበ መጽናኛ አድርጓት ነበር። «ቢያንስ ሳታውቅ» ማለት ጀምሮ ነበር። ይህን እንዴት እነጥቀዋለሁ? ጉሉማ የአባቴ ወንድም በገዛ ፈቃዱ በአባቴ ስም እንደሄደለት ያምን ነበር። «ታናሽህ ነፍሱን ሰጠህ፤ አንተ ደግሞ በሕይወት በመኖር ክፈለው» እለው ነበር አለኝ። እኔም እንደዚያ አመንኩ። የሚያምር ነገር ስለሆነ ለማመን አይከብድም።

ዘንድሮ፣ በግንቦት፣ አባቴን ለአዲሱ መታወቂያ ላስመዘግብ ቀበሌ ወሰድኩት። ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ እኔ ሃያ ዘጠኝ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ስማችንን ወረቀት ላይ ጽፈው አግዳሚ ላይ አስቀመጡን፤ አንዲት ልጅ ከውስጠኛው በር ብቅ እያለች ትጠራለች።

«ኢስማኢል ይማም!»

አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ያልሰማ መሰለኝ።

«ኢስማኢል ይማም!»

«አቤት!» አልኩ እኔ፣ እጄን አውጥቼ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ተነሣ፤ ወደ ልጅቷ ሳይሆን ወደ ውጭ። ከቢሮው ኋላ፣ ሰው ከማይደርስበት የውኃ ታንከር ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምነው አባዬ? ሕመም ነው?»

«በኔ ስም አትመልሺ» አለኝ። «ማንም በኔ ስም አይመልስ።»

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ለብዙ ዓመት የያዝኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከበደኝ።

«ካርዱን አውቀዋለሁ» አልኩት። «ልጅ ሆኜ አንብቤዋለሁ። ለእምዬም አነበብኩላት።»

ከአዳራሹ የሰው ጫጫታ ይመጣል።

«ጠባሳውንም?» አለ በመጨረሻ።

«ጠባሳውንም። በቅሎ ናት የረገጠችው አለችኝ።»

«መቼ ነው?»

«መጋቢት ላይ። ከመሞቷ ሰባት ወር በፊት።»

«እንግዲያ እነጉሉማ የመጡ ቀን…»

«ቆማ ነበር አባዬ። እንድትነግራት ነበር የምትጠብቀው። አንተ ራስህ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያለቅሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰም። እጁን ሲያወርድ ፊቱ ደረቅ ነበር።

«ውብሸት አዝኖልኝ፣ ወዶ፣ በስሜ የሄደ ይመስልሻል አይደል? ጉሉማም እንደዚያ እንዳሰበ ሞተ። አላረምኩትም።»

«አልነበረም?»

«ጣቢያው ውስጥ ራሽን የሚሰጠው በስም ዝርዝር ነው» አለ። እንደተዘጋጀበት ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ምናልባት በየጠዋቱ ሲዘጋጅበት ኖሯል። «አባወራው እኔ ስለሆንኩ የተጻፈው የኔ ስም ነው። እኔ ግን ወረፋ አልወድም ነበር። እሱን ነው የምልከው። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ኢስማኢል ይማም› ሲባል ‹አቤት› ብሎ ስንዴውን የሚቀበል እሱ ነው። የመጋዘኑ ሰዎች ኢስማኢል የሚሉት እሱን ነው። በሱ ይስቁ ነበር፤ ‹ባለትዳሩ ልጅ መጣ› ይሉታል።

«አንድ ማታ የመንደሩ ሊቀ መንበር ሹክ አለኝ። ‹ነገ መጋዘኑ ጋ የሚጠራው የራሽን አይደለም፣ የውትድርና ነው። ስምህ አለበት› አለኝ። ታላቅ እህትሽ ገና የአርባ ቀን ልጅ ነበረች። ጫካ ልገባ አሰብኩ። ሲነጋ ውብሸት እንደ ልማዱ ባዶ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። እያፏጨ። ‹አትሂድ› ማለት ነበረብኝ።»

«አላልከውም።»

«አላልኩትም። ስሜ ላይጠራ ይችላል ብዬ ነው፣ እላለሁ ለራሴ። ከኋላው ሄድኩ። ከዛፍ ሥር ቆምኩ። ተጠራ። ‹አቤት› አለ፤ ማዳበሪያውን እያራገፈ ወደፊት ሄደ። እኔ ያለሁበት ቦታ ካንቺ እስከዚያ አጥር ድረስ ነው። አፌን ብከፍት ይሰማል።»

በእጁ ያንን አጥር አሳየኝ።

«ኡራል የሚሉት የጦር መኪና ላይ ጫኗቸው። ከዚያ አንድ የመቶ አለቃ ወጥቶ ዝርዝሩን እንደገና ጠራ፣ ሰው ጎድሎ እንደሆነ ሊያይ። ያን ጊዜ ውብሸት ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ዓይኑ ሰዉን እየዞረ ፈለገኝ፣ አገኘኝ። የመቶ አለቃው ‹ኢስማኢል ይማም› አለ። ‹እኔ አይደለሁም፣ ያው እዚያ ቆሟል› ቢል ያበቃ ነበር። እያየኝ ‹አቤት› አለ። ከዚያ ማዳበሪያውን ወረወረልኝ። ‹አያ› አለኝ፣ ‹ስንዴውን እንግዲህ አንተ ተቀበል።›»



«የመጀመሪያውን ‹አቤት› ሳያውቅ ነው ያለው» አለ አባቴ። «ለእናቴ ልነግራት ያልቻልኩት ሁለተኛውን ነው። ሞተ ማለት እችል ነበር። ሞተ ማለት ቀላል ነው።»

የአዳራሹ የኋላ መስኮት ተከፈተ። ልጅቷ አንገቷን አውጥታ ወደ ጥላው አየች፤ አዳራሹ ውስጥ አጥታን ነው።

«ኢስማኢል ይማም የሚባል እዚህ አለ?» አለች።

አባቴ ተነሣ። አንድ እጁ የታንከሩን እግር ይዟል። ከንፈሩ ተላቀቀ፤ ቃሉ ግን አልወጣውም። ልጅቷ ጠበቀች። ወደኔ ተመለከተች፣ ቅድም የመለስኩላት እኔ ስለሆንኩ።

ጥርሴን ነከስኩ።

ልጅቷ ወረቀቷ ላይ ስሙን በአንድ መስመር ሰረዘችና፣ «ማዘንጊያ» ብላ ቀጣዩን ስም ወደ ውስጥ ጠራች። ከውስጥ አንድ ሰው ወዲያው «አቤት» አለ።